የአጭር አንቴና ዕዳ

በረጅም ሞገድ የሚሠራ የሬዲዮ አማተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የቦታ ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ለአማተሮች በሁለተኛ ደረጃ ተጠቃሚነት በፈቀደው፣ ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎኸርዝ ባለው ባንድ፣ የአንድ ሞገድ ርዝመት 2,200 ሜትር ያህል ነው። የመማሪያ መጻሕፍት እንደ መነሻ የሚወስዱትን የሩብ ሞገድ ቋሚ አንቴና በዚህ ባንድ ለማቆም ከ540 ሜትር የሚበልጥ ማማ ያስፈልጋል። በ2012 በተጨመረው ከ472 እስከ 479 ኪሎኸርዝ ባለው ባንድ እንኳ የሚጠየቀው ከፍታ 158 ሜትር ገደማ ነው። አማተሩ ግን ያለው አንድ ጓሮ፣ አንድ ጣራ፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ሜትር የሚሆን ምሰሶ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ባንዶች የሚተከል አንቴና ሁሉ ከሞገዱ አንጻር እጅግ አጭር፣ ከተለመደውም ንድፍ የወጣ መሆኑ ግድ ነው።

ካልተለመዱት ንድፎች መካከል የትኛው በእውነት ይሠራል? የትኛውስ የሚሠራ ይመስላል? ጥያቄው በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። የመመረቂያው ጊዜ የቀረበበት ሰው በጣራ ላይ ቆሞ ሲጠየቀው ግን ሌላ ክብደት አለው። የሚከተለው እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠመው የአንድ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና የማስተርስ ተማሪ ታሪክ ነው።

ሽቦውና ባሕር ዛፉ

ተማሪው ያደገው መብራት ዘግይቶ በገባባት አንዲት የደጋ ከተማ ነው። አባቱ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አሮጌ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ምሽት ላይ ከጀርመን የሚተላለፈው የአማርኛ ዜና ሲደክምና በጫጫታ ሲዋጥ፣ አባትየው ከሬዲዮዋ አንቴና ጫፍ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አስረው በመስኮት ያወጡና ከደጃፉ ባሕር ዛፍ ላይ ያሰቅሉት ነበር። ድምፁ አሁንም ካልጠራ ሌላ ሽቦ ይቀጥሉበታል። ዛፉ ላይ የሚወጣው ልጁ ነበርና ስለ አንቴና የተማረው የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነበር፤ ሽቦ ሲረዝም ድምፅ ይጠራል።

ልጁ አድጎ፣ ተመርቆ፣ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አራት ዓመት ካስተማረ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በዚያም ልቡን የሳበው ያንኑ የልጅነት ሕግ እሽራለሁ የሚል አሳብ ሆነ።

የተስፋው ንድፍ

አሳቡ «ክሮስድ ፊልድ አንቴና» በሚል ስም የታወቀው ነው። ንድፉን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ይዘው ከቀረቡት መካከል ሞሪስ ሄይትሊና ፋቲ ካባሪ ይገኙበታል። መነሻ ያደረጉት ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ በ1884 ያወጣውን ቀመር ሲሆን፣ በቀመሩ መሠረት የኤሌክትሮመግነጢሳዊ ኃይል ፍሰት የሚሰላው ከኤሌክትሪካዊውና ከመግነጢሳዊው መስክ ጥምረት ነው። የንድፉ ባለቤቶች ሁለቱን መስኮች በተለያዩ የብረት አካላት ለየብቻ መፍጠር፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ማገናኘት ከተቻለ ሞገዱ እዚያው አንቴናው አጠገብ እንደሚወለድ፣ ስለዚህም ረጅም ማማ እንደማያስፈልግ ተከራከሩ። በግብፅ ለመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት እንዲህ ያሉ አንቴናዎች ተተክለው ነበር። በኋላ በሌሎች ሰዎች የተደረጉ ልኬቶች ግን ለንድፉ የተነገረለትን ብቃት አላረጋገጡም፤ በርካታ የዘርፉ ባለሙያዎችም ክርክሩ ከማክስዌል ቀመሮች ጋር እንደማይስማማ ጽፈዋል።

ተማሪው ተቃውሞውን አንብቦታል። ሆኖም ተቃውሞን ማንበብና ተስፋን መተው አንድ አይደሉም። ማማ ለማቆም አቅም የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ወይም የማኅበረሰብ ጣቢያ፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ዕቃ ከጣራው ላይ ሆኖ በረጅም ሞገድ ቢያሰራጭ ምን ያህል ጥቅም እንደሚሰጥ ደጋግሞ ያሰላ ነበር። ያስተማረባት ከተማ በአሳቡ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፉ ያስገባው ርእስ «አዲስ» በሚል ቃል የሚጀምር፣ ስለ አነስተኛ አንቴና ትልቅ ነገር የሚናገር ርእስ ነበር።

ለመጀመሪያው ሙከራ የመረጠው ፈቃድ ያለው የአማተሮች ክለብ የሚሠራበትን የ160 ሜትር ባንድ ነው። ድግግሞሹ 1.83 ሜጋኸርዝ፣ የሩብ ሞገዱ ርዝመት 41 ሜትር ስለሆነ፣ ንድፉን እዚያ ፈትኖ ወደ 475 ከዚያም ወደ 137 ኪሎኸርዝ ለማውረድ አሰበ። ሰፊ የአሉሚኒየም ሳህንና በርሜል መሰል ሲሊንደር መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚገኙ ብረት ሠሪዎች ዘንድ አሠራ። ሁለቱን አካላት የሚመግቡትን ጥቅልል ሽቦዎችና ካፓሲተሮች በገዛ እጁ አበጀ። ዕቃው ሲገጣጠም ከፍታው ሁለት ሜትር አይሞላም ነበር። በሦስት ሰው ትከሻ ተሸክመው ከቤተ ሙከራው ሕንፃ ጣራ ላይ አወጡት፤ ኮአክሲያል ኬብሉም በግድግዳው ላይ አሥር ሜትር ያህል ወርዶ በመስኮት ወደ ማሰራጫው ገባ።

በአንድ የጥር ቀን ጠዋት ተማሪው የመስክ ጥንካሬ መለኪያውን ይዞ ከግቢው ማዶ ከኳስ ሜዳው ዳር ቆመ። ለማወዳደሪያ ከሕንፃው እስከ ሜዳው ጫፍ ባሕር ዛፍ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ ተዘጋጅቶ ነበር። በመጀመሪያ በረጅሙ ሽቦ፣ ቀጥሎ በአዲሱ አንቴና እኩል ኃይል ተላለፈ። የመለኪያው መርፌ በሁለቱም ጊዜ የተቀራረበ ቦታ ላይ ቆመ። ተማሪው ማሰራጫውን አስጠፍቶ፣ መልሶ አስበርቶ ደግሞ ለካ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። የዚያን ዕለት የክለቡ ልጆች ቡና ጋበዙት፤ እርሱም ማታውኑ ወደ አባቱ ደውሎ ጥናቱ መሳካቱን ነገራቸው።

«ኮረንቱ በየት በኩል ያልፋል?»

አማካሪው የልኬቱን ሠንጠረዥ ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። አልተደሰቱም፤ አልተቆጡምም። «ኮረንቱ በየት በኩል ያልፋል?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

ጥያቄው የሚነካው ኬብሉን ነበር። ኮአክሲያል ኬብል ሲታይ ለኮረንት ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስላል፤ አንደኛው የውስጡ ሽቦ፣ ሁለተኛው የመከለያው የውስጥ ገጽ። ነገር ግን ድግግሞሹ ከፍ ያለ ኮረንት የብረቱን ገጽ ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ የመከለያው የውጭ ገጽ ሦስተኛ መንገድ ይሆናል። አንቴናው ኃይሉን ለመቀበል በተቸገረ መጠን ኮረንቱ በዚህ በሦስተኛው መንገድ ተመልሶ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኬብሉ መጋቢ መሆኑ ይቀርና ራሱ አንቴና ይሆናል።

ምን ያህል ያሰራጫል ለሚለው መልሱ በአጭር ቀመር ይገኛል። አንድ አንቴና ኮረንትን ወደ ሞገድ የመለወጥ አቅሙ የሚገለጸው የጨረራ ሬዚስታንስ በሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ አንቴናው ከሞገዱ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ይህ ቁጥር ከከፍታው ስኩዌር ጋር ይጨምራል። የተማሪው ዕቃ ሁለት ሜትር ነው፤ በግድግዳው ላይ የወረደው ኬብል አሥር ሜትር ነው። ከፍታው አምስት እጥፍ ስለሆነ፣ በሁለቱ ላይ እኩል ኮረንት ቢያልፍ ኬብሉ ከአንቴናው ሃያ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ያሰራጫል። ስለዚህ ከሚያልፈው ኮረንት ጥቂቱ እንኳ በኬብሉ ውጭ ቢያመልጥ፣ በሜዳው ዳር የሚነበበው ቁጥር የአንቴናው ሳይሆን የኬብሉ ይሆናል።

ተማሪው ከተጣሉ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ዕቃዎች ትልልቅ የፌራይት ቀለበቶችን ለቀመ። ኬብሉን ከአንቴናው ሥር በቀለበቶቹ ውስጥ ደጋግሞ ጠቀለለው፤ ይህም ለውስጡ ኮረንት እንቅፋት ሳይሆን የውጭውን ብቻ የሚያግድ ነው። አንቴናውን እንደገና አስተካክሎ ወደ ሜዳው ወረደ። መርፌው ከዜሮው አጠገብ ቀረ። ቀለበቶቹን አወጣ፤ መርፌው ተነሣ። በመጨረሻ ያደረገው ሙከራ ከሁሉ የከፋ ነበር። ሲሊንደሩን ጨርሶ ነቅሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ በምትኩ ማስተካከያ ጥቅልል ብቻ ተወ፤ ቀለበት በሌለበት ኬብል አሰራጨ። በሜዳው ዳር የተነበበው ምልክት ከመጀመሪያው ብዙም አልተለየም። አንቴናው በሌለበት አንቴናው ይሠራ ነበር።

ከመመረቂያው ቀነ ገደብ የቀረው ሦስት ወር ነበር። ኮሌጁ በመስከረም ወደ ማስተማሩ እንዲመለስ ይጠብቀዋል፤ የቤት ኪራዩም የተሰላው እስከ ሰኔ ብቻ ነው። አብሮት የሚማር ጓደኛው የመሰለውን በቅንነት መከረው፤ «የመጀመሪያው ልኬት ሐሰት አይደለም፤ ያየኸውን ነው የጻፍከው። የቀለበቱን ሙከራ ማንም አላዘዘህም፤ ማንምም አይጠይቅህም።» ምክሩ ከባድ የሆነው ከፊሉ እውነት ስለነበረ ነው። ቁጥሩ አልተፈጠረም፤ መርፌው በእርግጥ እዚያ ቆሞ ነበር። የተሳሳተው ለቁጥሩ የተሰጠው ስም ነበር።

ተማሪው ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ ጣራው አልወጣም። በዚያው ሰሞን አባቱ ስለ ጥናቱ ሲጠይቁት፣ «አባዬ፣ አንቴናው አልሠራም» አላቸው። አባትየው ስለ ፖይንቲንግም ሆነ ስለ ፌራይት የሚያውቁት ነገር የለም። «ሽቦው አጥሮ ይሆናል፤ ቀጥልበት» አሉት። ተማሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ከብዙ ገጽ የሚበልጠው መልስ ይኸው እንደ ነበር ተገነዘበ። በማግስቱ የማራዘሚያ ማመልከቻውን ጻፈ።

ዕዳው በምን ይከፈላል?

ከዚያ በኋላ የተነሣበት ጥያቄ ተለወጠ። አጭር አንቴና ያለ ዕዳ ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቁን ትቶ፣ ዕዳውን በምን መክፈል ይቻላል ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሃሮልድ ዊለር በ1947፣ ላን ጄን ቹ ደግሞ በ1948 ባወጧቸው ጥናቶች የትንንሽ አንቴናዎችን ወሰን አሳይተዋል። የእነርሱ ሥራ አጭር አንቴና ጨርሶ አያሰራጭም አይልም። የሚለው፣ አንቴናው ከሞገዱ አንጻር ባነሰ መጠን የሚሠራበት የድግግሞሽ ስፋት እየጠበበ ይሄዳል ነው። በተግባር ደግሞ በሽቦው፣ በጥቅልሉና በመሬቱ የሚባክነው ኃይል በዚህ ላይ ይጨመራል።

መጠኑን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አማተር በባሕር ዛፍ አጣና ላይ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ቋሚ ሽቦ ቢሰቅል፣ በ137 ኪሎኸርዝ የሽቦው የጨረራ ሬዚስታንስ 0.018 ኦም ያህል ብቻ ነው። ከጫፉ ግራና ቀኝ ረዣዥም አግድም ሽቦዎች ቢዘረጋበት ኮረንቱ በቋሚው ሽቦ ላይ ከላይ እስከ ታች የተመጣጠነ ይሆንና ቁጥሩ ወደ አራት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 0.074 ኦም ከፍ ይላል። የመሬቱና የጥቅልሉ ብክነት በድምሩ 60 ኦም ነው ብንል፣ ከማሰራጫው ከሚወጣው 1,000 ዋት ሞገድ የሚሆነው 1.2 ዋት ገደማ ነው፤ የቀረው ሁሉ አፈርንና መዳብን ያሞቃል። በዚህ ባንድ የተፈቀደው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚለካ ጨረራ በዓለም አቀፉ ደንብ ከ1 ዋት እንዳይበልጥ ነው። ይህችን 1 ዋት ለማግኘት በተጠቀሰው አንቴና ላይ ከ2 አምፔር በላይ ኮረንትና 270 ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። አንቴናው 300 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ ካለው፣ ለማስተካከል 4.5 ሚሊሄንሪ የሚሆን ትልቅ ጥቅልል ይፈልጋል፤ በጥቅልሉ ጫፍ ላይም ከ8,000 በላይ ቮልት ይቆማል። በጓሮ ያለ ቀጭን ሽቦ እንዲህ ያለ ቮልቴጅ መሸከሙ የዚህ ሙያ አንዱ አደጋ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚታየው ዋናው ባለዕዳ መሬቱ መሆኑ ነው። ይህን ቀድሞ ያየውና ልዩ መፍትሔ ያበጀለት ኤርንስት አሌክሳንደርሰን ነበር። በስዊድን ግሪሜቶን የሚገኘው የረጅም ሞገድ ጣቢያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን በ1925 ተመርቋል፤ ከ2004 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሚሠራበት ድግግሞሽ 17.2 ኪሎኸርዝ ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት ከ17 ኪሎሜትር ይበልጣል። ስድስቱ ማማዎቹ ግን 127 ሜትር ብቻ ናቸው፤ ከሞገዱ ጋር ሲነጻጸሩ በጓሮ ካለ ምሰሶ ብዙም አይሻሉም። አሌክሳንደርሰን ያደረገው በየማማው አንድ አንድ ወራጅ ሽቦ ማውረድና እያንዳንዱን በራሱ ጥቅልል ከራሱ የመሬት መረብ ጋር ማገናኘት ነው። ኮረንቱ ለስድስት ተከፍሎ በስድስት በር ወደ መሬት ስለሚገባ፣ አጠቃላዩ የመሬት ብክነት ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል፤ የሚያሰራጨው ኮረንት ድምር ግን አይቀንስም። ዛሬ አማተሮች ይህንኑ አሳብ በሁለትና በሦስት ወራጅ ሽቦ በጓሯቸው ይሠሩበታል። ከተለመደው መውጣት ማለት እዚህ ላይ የፊዚክስን ሕግ ማምለጥ አይደለም፤ ዕዳውን ለብዙ ተሸካሚዎች ማከፋፈል ነው።

ሁለተኛው መንገድ መሬቱን እንደ ጠላት ከመቁጠር ይልቅ እንደ ረዳት መጠቀም ነው። በታኅሣሥ 1921 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ፖል ጎድሊን ወደ ስኮትላንድ ላከው። ተልእኮው በአሜሪካ ያሉ አማተሮች የሚልኩት ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ይሰማ እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። ጎድሊ በአርድሮሳን የባሕር ዳርቻ የዘረጋው በሃሮልድ ቤቨሬጅ ስም የሚጠራውን አንቴና ነው፤ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለ አግድም ሽቦ። ምልክቱም ተሰማ። በዚህ አንቴና የሚገርመው ደካማ መሬት የሚጠቅመው መሆኑ ነው። ሞገዱ ኮረንትን በደንብ በማያስተላልፍ መሬት ላይ ሲጓዝ ወደፊት ያዘነብላል፤ በማዘንበሉም በሽቦው ላይ እየተከማቸ የሚሄድ ኮረንት ይፈጥራል። መሬቱ እንደ ባሕር ውሃ ጥሩ አስተላላፊ ቢሆን ኖሮ ሽቦው ብዙም ባልሰማ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ቤቨሬጅ ለማሰራጨት አይሆንም፤ ብቃቱ አነስተኛ ነው። ለመስማት ግን ብቃት ዋናው ነገር አይደለም። በረጅም ሞገድ ላይ ከመብረቅ የሚመጣው ጫጫታ ተቀባዩ መሣሪያ በራሱ ከሚፈጥረው ጫጫታ እጅግ ይበልጣል። አንቴናው ምልክቱንና ጫጫታውን እኩል ቢያዳክማቸው የሚጎድል ነገር የለም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጆሮውን ቢሰጥ ግን ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ጫጫታ ይቀንሳል። የክረምት ነጎድጓድ በማይለየው ደጋ ለሚኖር አድማጭ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው ንድፍ ትልቁ ሉፕ ነው። ግቢው በዛፍ የተከበበ ሲሆን ቋሚው አንቴና የሚፈጥረው ኤሌክትሪካዊ መስክ በእርጥብ ቅጠልና ግንድ ውስጥ ኃይሉን ያባክናል። ሽቦውን በዛፎቹ መካከል አዙሮ የተዘጋ ቋሚ ቀለበት ማድረግ ግን ኮረንቱን እዚያው በሽቦው ውስጥ ያዞረዋል፤ መመለሻውን ከመሬት አይፈልግም። በዚህ ጊዜ ባለዕዳው መሬቱ መሆኑ ይቀርና መዳቡ ይሆናል፤ የሽቦው ውፍረትና የማስተካከያው ካፓሲተር ጥራት ነገሩን ሁሉ ይወስናል። መሬቱና ዛፉ ለማይመቸው ሰው ይህ ትርፍ ያለው ልውውጥ ነው።

አራተኛው መክፈያ ጊዜ ነው። አጭር አንቴና የሚሠራበት የድግግሞሽ ስፋት ጠባብ ስለሆነ ንግግርን በደንብ አያስተላልፍ ይሆናል፤ ዘገምተኛ ምልክት ግን ስፋት አይጠይቅም። አማተሮች አንዲት የሞርስ ነጥብ 3፣ 10፣ 30፣ አንዳንዴም 60 ሰከንድ እንድትቆይ አድርገው ይልካሉ፤ ተቀባዩም በጆሮው ሳይሆን በኮምፒውተር መስኮት ላይ ቀስ ብሎ በሚሳል መሥመር ያነባታል። በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ራሱም አማተር የሆነው ጆ ቴይለር በ2008 ያቀረበው «ዊስፐር» የተባለ ዘዴ ደግሞ የጣቢያውን መለያ፣ ቦታና ኃይል የያዘ አጭር መልእክት በሁለት ደቂቃ ውስጥ 6 ኸርዝ ብቻ በሆነ ስፋት ይልካል። በቁመት የጎደለው በትዕግሥት ይሞላል።

በመረሬው ላይ

ተማሪው የተራዘመለትን ጊዜ የተጠቀመበት በመሬቱ ላይ ነበር። በ137 ኪሎኸርዝ ለማሰራጨት ፈቃድ ስላልነበረው ምንም ሳያሰራጭ፣ በድልድይ መለኪያ የአንቴናውን ሬዚስታንስ ብቻ ለካ። ከኳስ ሜዳው ጎን 15 ሜትር አጣና አቆመ፤ ከጫፉም አግድም ሽቦዎች ዘረጋ። ሥፍራው ጥቁር መረሬ ነው፤ በግንቦት እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ነበር። የመጀመሪያውን የመሬት ሽቦ በስንጥቁ ውስጥ ሲቀብር የግቢው ጥበቃ መጥተው፣ «ልጄ፣ እዚህ የሚበቅል ነገር የለም» አሉት።

ሽቦዎቹ እየተጨመሩ ሲሄዱ ብክነቱ ወረደ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ሽቦ የሚያስገኘው ጥቅም ከፊተኛው እያነሰ ሄደ። ሐምሌ ሲገባ መረሬው ጠግቦ ተዘጋ፤ ንባቡ ያለ ምንም ሥራ ተሻሻለ። ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ አጠገብ የተሰቀለው አግድም ሽቦ ግን ተቃራኒውን አሳየ። ሽቦውን ከቅጠሉ ባራቀው መጠን ብክነቱ ቀነሰ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው አንቴና ድንቅ አልነበረም። በስሌት ሲታይ ብቃቱ ከመቶ አንድ እጅ በጣም ያነሰ ነበር። ልዩነቱ የእያንዳንዱ ኦም መድረሻ መታወቁ ነው፤ ይህን ያህሉ በአፈሩ፣ ይህን ያህሉ በጥቅልሉ፣ ይህን ያህሉ በቅጠሉ እንደሚባክን በሠንጠረዥ ሊቀመጥ ቻለ።

ጽሑፉ ሲጠናቀቅ «አዲስ» የሚለው ቃል ከርእሱ ወጥቶ ነበር። የጣራው ሙከራ ግን አልወጣም። ሁለቱ ልኬቶች፣ ያለ ቀለበቱና ከቀለበቱ ጋር፣ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ሲሊንደሩ ተነቅሎ የተነበበው ሦስተኛው ቁጥርም ከሥራቸው አለ። ከፈታኞቹ አንዱ ያልተሳካ ሙከራ ምዕራፍ ሁለትን ለምን እንደያዘ ጠየቁ። ተማሪው፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያነበበ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ያንኑ ዕቃ ለትምህርት ቤቱ እንዳይሠራ ሲል መለሰ። ሌላ ጥያቄ አልተከተለም።

ወደ ኮሌጁ የተመለሰው አንድ መንፈቀ ዓመት ዘግይቶ ነው። የፌራይት ቀለበቶቹን ለቤተ ሙከራው ትቶ ሄደ። አማካሪው ከዚያ ወዲህ በአነስተኛ አንቴና ላይ አሳብ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ አስቀድመው አይከራከሩም። መሳቢያውን ከፍተው ቀለበቶቹን ይሰጡትና ወደ ጣራው ይልኩታል።